ታግ፦ የሶፍትዌር ሥሪት መታወቂያ

ታግ በሥሪት መቆጣጠሪያ ሥርዓት ውስጥ ለአንድ የተወሰነ የኮድ ይዞታ የሚሰጥ ስም ነው። ሶፍትዌር እየተሠራ ሳለ በየቀኑ ይለወጣል፤ አንዱ መስመር ይጨመራል፣ ሌላው ይሰረዛል፣ የተሳሳተው ይታረማል። እያንዳንዱ ለውጥ ከነሠሪው ስም፣ ከነቀኑና ከነምክንያቱ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ይህን አንድ ምዝገባ ባለሙያዎች «ኮሚት» ይሉታል። ብዙ ሰው የሚሠራበት ፕሮጀክት በዓመት በሺህ የሚቆጠር ኮሚት ሊያጠራቅም ይችላል። ከዚያ ሁሉ መካከል ተፈትነውና ተዘጋጅተው ተጠቃሚው እጅ የሚገቡት ጥቂቶች ናቸው፤ ታግ የሚደረገውም ለእነዚያ ነው። በኮምፒውተር ወይም በስልክ ስክሪን ላይ «2.40.3» የሚል ቁጥር ያየ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ያየው የአንድ ታግ ስም ነው።

በሶማሌ ክልል ይህን ዓይነት ቁጥር ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ይበቃል። ጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የጤና ተቋማትን መደበኛ ሪፖርት በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሰበስበው ዲኤችአይኤስ2 በተባለ ሶፍትዌር ነው። የሶፍትዌሩን ልማት የሚመራው በኖርዌይ የሚገኘው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ኮዱ ለማንም ክፍት ሆኖ ጊትኸብ በተባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ተቀምጧል። ኢንተርኔት ያላቸው ተቋማት ወደ ማዕከላዊው ሰርቨር ገብተው ይሠራሉ፤ ኔትወርክ በማያስተማምንባቸው የአገሪቱ ክፍሎች ደግሞ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ከመስመር ውጭ የሚሠራ ተከላ ጥቅም ላይ ውሏል። ማዕከላዊው ሰርቨር በአዲስ ሥሪት ሲተካ፣ በእሱ የሚጠቀሙት ሁሉ በአንድ ቀን አብረው ይታደሳሉ። በየኮምፒውተሩ የተጫነውን ግን የሚያድሰው ሰው ነው፤ ባለሙያ ፍላሽ ይዞ፣ መኪና ተሳፍሮ፣ አንድ በአንድ እየደረሰ። ስለዚህ የአንዱ ቢሮ ሥሪት ከሌላው ወደኋላ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ባለ ቦታ «የእኛ ስንተኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ ከሌላው ጥያቄ ሁሉ ይቀድማል።

መልሱ ሶፍትዌሩ ውስጥ አለ። በዲኤችአይኤስ2 ስለ ሶፍትዌሩ የሚገልጸው ገጽ ሲከፈት ከሚታዩት መስመሮች መካከል ሦስቱ ለዚህ ጉዳይ ይጠቅማሉ። አንደኛው የሥሪቱን ቁጥር ይነግራል፤ ይህ ከታጉ የመጣ ነው። ሁለተኛው ሰባት ሆሄያት የያዘ፣ ቁጥርና የላቲን ፊደል የተቀላቀለበት፣ ሲያዩት ትርጉም የሌለው የሚመስል ጽሑፍ ነው። ሦስተኛው ሶፍትዌሩ ተጠናቆ የተገነባበትን ቀን ያሳያል። ብዙ ተጠቃሚ የመጀመሪያውን ብቻ አንብቦ ያልፋል። ሁለተኛው መስመር ግን የታግን ጥቅም ለመረዳት ቁልፍ ነው።

ያ ጽሑፍ የኮሚቱ አሻራ ነው። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት የሥሪት መቆጣጠሪያ ጊት ይባላል። ጊት ለእያንዳንዱ ኮሚት 40 ሆሄያት የሚረዝም መለያ ያወጣል፤ ስክሪን ላይ ለአጭርነት ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሰባት ብቻ ይጻፋሉ። መለያውን የሚሰጠው ሰው አይደለም፤ ከይዘቱ ተሰልቶ የሚወጣ ነው። በአንድ ፋይል ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ሳይለወጥ ከቀረ ደግሞ፣ ኮዱን ኦስሎ ላይ የሚያሰላው ኮምፒውተርም ጅጅጋ ላይ የሚያሰላው ኮምፒውተርም ያንኑ 40 ሆሄያት ያወጣሉ፤ ምንም ዓይነት መነጋገር አያስፈልጋቸውም። ለማሽን ከዚህ የተሻለ መለያ አይገኝም። ለሰው ግን የማይያዝ ነው። ከአይሻ ወረዳ ስልክ ደውሎ፣ ድምፅ እየተቆራረጠ፣ 40 ሆሄያት አንድ በአንድ ማስጻፍ የሚቻል ነገር አይደለም።

ታግ የሚሞላው ይህን ክፍተት ነው። «ሁለት ነጥብ አርባ ነጥብ ሦስት» በአንድ ትንፋሽ ይነገራል። በሶማሊኛ ቢነገር፣ በአማርኛ ቢደገም፣ በእንግሊዝኛ ቢጻፍ ቁጥሩ ያው ነው። የወረዳው ባለሙያ ሶማሊኛ፣ የፌዴራሉ ባለሙያ አማርኛ፣ የሶፍትዌሩ ማብራሪያ እንግሊዝኛ በሚናገሩበት ሥራ ላይ፣ ሦስቱም ወገኖች ያለ አስተርጓሚ የሚግባቡበት ቃል ይህ ቁጥር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሶማሌ አርብቶ አደር የአሻራንና የስምን ልዩነት ከማንም በላይ ያውቀዋል። ግመሎቹ ላይ በጋለ ብረት ምልክት ይተኩሳል፤ ምልክቱ በሶማሊኛ «ሱመድ» ይባላል። ሱመዱን ያየ መንገደኛ ግመሏ የየትኛው ወገን እንደሆነች ይለያል። እረኛው ግን ግመሊቱን የሚያውቃት በመልኳ፣ በአረማመዷ፣ ባወጣላት ስም ጭምር ነው። ግመሊቱ ራሷ አንድ ነገር ናት፤ ሰዎች እርስ በርስ ስለ እሷ የሚነጋገሩበት ምልክትና ስም ሌላ ነገር ነው። በጊትም ኮሚቱ ግመሊቱ ነው፤ ታጉ ሰዎች የሚጠሩበት ስሟ። የተተኮሰ ሱመድ ግን ከቆዳ አይነሣም። ታግ ይነሣል፤ ይህ ልዩነት ምን መዘዝ እንደሚያመጣ ወደ ኋላ ይታያል።

ለኮድ ይዞታ ስም የመስጠት አሠራር ከጊት በፊት ጀምሮ የነበረ ነው። ማርክ ሮችካይንድ እ.ኤ.አ. በ1972 በቤል ላብስ ኤስሲሲኤስ የተባለውን ቀደምት የሥሪት መቆጣጠሪያ ሠራ። ዋልተር ቲቺ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ አርሲኤስን አስከተለ። እነዚህ የሚቆጣጠሩት ፋይልን በፋይል ነበር፤ እያንዳንዱ ፋይል የራሱ ቁጥር ነበረው፤ አንዱ 1.3 ላይ ሲሆን ሌላው 1.47 ይደርሳል። ዲክ ግሩን በ1986 የጀመረው ሲቪኤስ ብዙ ሰው በአንድ ላይ እንዲሠራ መንገድ ቢከፍትም ይህን የፋይል ቁጥር አልተወውም። ስለዚህ «ባለፈው ወር ያወጣነው ሥሪት» ማለት የመቶ ፋይሎች መቶ የተለያየ ቁጥር ማለት ነበር። ታግ ያን ጊዜ የግድ ሆነ፤ የየፋይሉን ቁጥር ሰብስቦ በአንድ ስም ይጠራዋል። ሲቪኤስ በታግ ስም ውስጥ ነጥብ አይፈቅድም ነበር። በመሆኑም የዚያ ዘመን ታጎች በነጥቡ ፋንታ የታች ሰረዝ የገባባቸው ናቸው፤ አሮጌ ፕሮጀክቶችን የሚመረምር ሰው እስከ ዛሬ ያገኛቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ2004 ለመጀመሪያ ጊዜ 1.0 ተብሎ የወጣው ሰብቨርዥን የፋይል ቁጥርን አስቀርቶ ለመላው ማኅደር፣ ማለትም የፕሮጀክቱ ፋይሎች ከነታሪካቸው ለሚቀመጡበት ስብስብ፣ አንድ ተከታታይ ቁጥር ሰጠ። በእሱ ዘንድ ታግ ማለት የኮዱ ቅጂ «ታግስ» በሚባል ፎልደር ውስጥ መቀመጡ ነው። ቅጂው ቦታ አይፈጅም፤ አሠራሩም ለመረዳት ቀላል ነው። ጉድለቱ ፎልደሩ እንደማንኛውም ፎልደር መሆኑ ነው፤ ጥበቃ ካልተደረገለት ሰው ገብቶ ሊጽፍበት ይችላል። ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 ጊትን ለሊነክስ ከርነል ሥራ ሲጀምር፣ በዚያው ዓመት ማት ማካል መርኩሪያልን አወጣ። ሁለቱም እያንዳንዱ ሠራተኛ ሙሉውን መዝገብ በራሱ ኮምፒውተር እንዲይዝ ያደርጋሉ። ዲኤችአይኤስ2 ራሱ ወደ ጊት ከመዞሩ በፊት ባዛር በሚባል ሌላ ሥርዓት፣ ላውንችፓድ በተባለ ድረ ገጽ ላይ ይጠበቅ ነበር።

ጊት ሁለት ዓይነት ታግ አለው። ቀላሉ ታግ ስምን ከኮሚት ጋር ብቻ ያገናኛል፤ ማን እንዳደረገው፣ መቼ፣ ለምን የሚል ነገር የለውም። ባለማብራሪያው ታግ ግን የአድራጊውን ስም፣ ቀኑንና አንድ ማስታወሻ ይዞ እንደ ራሱ ሰነድ ይቀመጣል፤ ዲጂታል ፊርማም ሊኖረው ይችላል። ልዩነቱን የኢትዮጵያ ቢሮ ሠራተኛ በቀላሉ ይረዳዋል። ቀላሉ ታግ በፎልደር ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ እንደ ተጫረ ስም ነው። ባለማብራሪያውና የተፈረመው ግን ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም እንዳለው ደብዳቤ ነው። ለግል ማስታወሻ የመጀመሪያው ይበቃል። ለሌላ ሰው የሚሰጥ ሥሪት ግን ያለ ሁለተኛው መውጣት የለበትም። የሊነክስ ከርነል ዋና ሥሪቶች ታግ በቶርቫልድስ ፊርማ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ጀማሪዎችን ደጋግሞ የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ጊት ኮሚትን ወደ ሰርቨር ሲልክ ታግን አብሮ አይልክም፤ ታጉ እንዲላክ ለብቻው መታዘዝ አለበት። የመመረቂያ ሥራውን በላፕቶፑ ላይ «1.0» ብሎ ታግ ያደረገ ተማሪ፣ ኮዱን ጊትኸብ ላይ አስቀምጦ ታጉን ሳይልክ ከቀረ፣ አማካሪው ያንን ስም ፈልጎ አያገኘውም። ተማሪው «አድርጌያለሁ» ይላል፤ አማካሪው «የለም» ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ታጉ ያለው ላፕቶፑ ላይ ብቻ ነው። በጅጅጋ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ተቋም የሚማር የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ጊትን ሲጀምር ይህችን ነጥብ አስቀድሞ ቢይዝ ብዙ ድካም ይቀንስለታል።

ታግ ያልተደረገለት ኮሚትም ቢሆን ከታግ በመነሣት ሊገለጽ ይችላል። ጊት አንድን ኮሚት «ግለጸው» ሲባል ወደኋላ ሄዶ የቅርቡን ታግ ይፈልግና ከዚያ ወዲህ ስንት ኮሚት እንደ ተጨመረ ቆጥሮ፣ ከአሻራው አጭር ክፍል ጋር አቀናብሮ ይናገራል፤ ለምሳሌ «ከ1.2 በኋላ 14ኛው» የሚል ትርጉም ያለው መለያ ያወጣል። በየመንገዱ የሚተከለውን የኪሎ ሜትር ድንጋይ ይመስላል። ከጅጅጋ ወደ ቶጎጫሌ የሚሄድ ሾፌር መኪናው ቢቆምበት «እዚህ ነኝ» ብቻ አይልም፤ የታወቀ ቦታ ጠርቶ «ከዚያ አልፌ ይህን ያህል» ይላል። ታግ በኮድ መንገድ ላይ ያለ የታወቀ ቦታ ነው።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ስሙ ምን ይሁን የሚል ነው። እጅግ የተለመደው በነጥብ የተለያዩ ሦስት ቁጥሮችን መጠቀም ነው። ከጊትኸብ መሥራቾች አንዱ የሆነው ቶም ፕሬስተን ወርነር የጻፈው ደንብ ለሦስቱም ትርጉም ይሰጣቸዋል። የመጀመሪያው የሚጨምረው አዲሱ ሥሪት ከድሮው ጋር የማይጣጣም ለውጥ ሲኖረው ነው፤ ሁለተኛው አዲስ አገልግሎት ሲታከል፤ ሦስተኛው ስሕተት ብቻ ሲታረም። ይህን ደንብ ሁሉም ፕሮጀክት በእኩል አይከተለውም። ሆኖም መጨረሻው ቁጥር ብቻ ሲለወጥ አነስ ያለ እርማት መሆኑን አብዛኛው ሰው ይረዳል።

ነጥቡ ግን የሒሳብ ነጥብ አይደለም። 2.9 እና 2.10 ሲነጻጸሩ በሒሳብ 2.9 ይበልጣል፤ በሥሪት ቁጥር ግን 2.10 ከ2.9 በኋላ የመጣ ነው። ዲኤችአይኤስ2 ከ2.9 ወደ 2.10፣ ከ2.39 ወደ 2.40 የተሸጋገረው በዚህ አቆጣጠር ነው። «2.4» እና «2.40» አንድ ናቸው ብሎ ዜሮዋን የዘለለ ሰው በብዙ ዓመት የሚራራቁ ሁለት ሶፍትዌሮችን አደባልቋል።

ቁጥሩን በትክክል የማንበብ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ በዲኤችአይኤስ2 ላይ የደኅንነት ጉድለቶች መታረማቸው ይፋ ሲደረግ፣ እርማቱ የወጣው በአንድ ጊዜ በአራት ስም ነበር፦ 2.36.12.1፣ 2.37.8.1፣ 2.38.2.1 እና 2.39.0.1። አራተኛው ቁጥር አስቸኳይ እርማት መሆኑን ያመለክታል። እርማቱ በአራት ስም የወጣበት ምክንያት አገሮች ሁሉ በአንድ ሥሪት ላይ አለመሆናቸው ነው፤ 2.37 ላይ ያለው ወደ 2.39 እንዲዘል ሳይገደድ ባለበት መስመር ላይ እርማቱን ያገኛል። ስለዚህ 2.37.8 ያለው ቢሮ ቀዳዳው አለበት፤ 2.37.8.1 ያለው የለበትም። አንዲት ነጥብና አንዲት አኃዝ የሕሙማንን መረጃ የያዘ ሥርዓት ተጋልጧል ወይስ አልተጋለጠም የሚለውን ይወስናሉ። ጊትም «ይህ እርማት በየትኞቹ ታጎች ውስጥ አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ ስማቸውን ዘርዝሮ ይመልሳል። ከአዲስ አበባ ሆኖ የክልሎችን ተከላ የሚከታተል ባለሙያ፣ ዝርዝሩን ከየቢሮው ቁጥር ጋር አስተያይቶ ማን መታደስ እንዳለበት ማወቅ ይችላል። የየቢሮውን ቁጥር የጻፈለት ሰው ካለ ማለት ነው።

አንዳንድ ፕሮጀክቶች ስማቸውን ከቀን መቁጠሪያ ይወስዳሉ። የዓለም ኮምፒውተሮችና ስልኮች የየአገሩን ሰዓት የሚያውቁበት የሰዓት ክልል መዝገብ ከእነዚህ አንዱ ነው። ታጎቹ የአውሮፓ ዓመትና አንድ ፊደል ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የወጣው 2024ኤ፣ ቀጥሎ የወጣው 2024ቢ ይባላል። በዚህ መዝገብ ውስጥ አዲስ አበባ፣ ጅቡቲና ሞቃዲሾ ሦስቱም ወደ ናይሮቢ ሰዓት የሚመሩ ናቸው። የጅጅጋ ነጋዴ ስልክና በጅቡቲ ወደብ ያለው የሸሪኩ ስልክ አንድ ሰዓት የሚያሳዩት ይህን መዝገብ ስለሚያነቡ ነው።

በኢትዮጵያ ግን ቀንን ለታግ ስም ማድረግ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ተገቢ ነው። አንድ የአገር ውስጥ አልሚ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ያወጣውን ሥሪት «2017.7» ብሎ ቢሰይመው፣ በእሱ ሐሳብ መጋቢት ከመስከረም ሲቆጠር ሰባተኛው ወር ነው። ኮዱን ከውጭ ሆኖ የሚያይ ሰው ግን እ.ኤ.አ. ጁላይ 2017 ብሎ ያነበዋል። ገና የወጣው ሶፍትዌር ስምንት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ አሮጌ ሆኖ ይታየዋል፤ ተዘንግቷል ብሎም ይተወዋል። በጳጉሜን የወጣው «2016.13» ከተባለ ደግሞ ወር ከ12 አይበልጥም ብሎ የሚያጣራ መሣሪያ ስሕተት ነው ይለዋል። በቁጥር ርዝመትም ነገር አለ፤ ኮምፒውተር ስሞችን እንደ ጽሑፍ ሲደረድር «2017.10»ን ከ«2017.7» በፊት ያስቀምጣል። ዲኤችአይኤስ2 የኢትዮጵያን 13 ወራት አቆጣጠር በቅንብሩ ውስጥ አካቷል፤ ሪፖርቱ በኢትዮጵያ ወር ሊገባ ይችላል። የሶፍትዌሩ የራሱ ታግ ግን ከማንም አቆጣጠር ጋር ያልተሳሰረ ተራ ቁጥር ነው። የኢትዮጵያና የአውሮፓ አቆጣጠር ጎን ለጎን፣ በጅጅጋ ደግሞ ሒጅራውም ተጨምሮ በሚሠራበት አገር የሚሻለው ይኸው ተራ ቁጥር ነው። ቀኑ በታጉ ማስታወሻ ውስጥ ከነአቆጣጠሩ ይጻፍ።

ታግ አንድ እርማት የት እንደ ደረሰ ለመከታተልም ይረዳል። ስልኮችና ኮምፒውተሮች የወርና የቀን ስሞችን፣ የቁጥር አጻጻፍንና የመሳሰለውን በየቋንቋው የሚያገኙበት ሲኤልዲአር የተባለ የጋራ የመረጃ ስብስብ አለ፤ የሚመራው የዩኒኮድ ድርጅት ነው። አማርኛም ሶማሊኛም በውስጡ አሉ፤ ሶማሊኛው ለሶማሊያ፣ ለጅቡቲ፣ ለኬንያና ለኢትዮጵያ ተለይቶ ተመዝግቧል። ስብስቡ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ሁለቴ ይወጣል፤ 44ኛው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023፣ 45ኛው በሚያዝያ 2024 ወጥተዋል። አንድ የሶማሊኛ ወር ስም አጻጻፉ ተሳስቶ ቢገኝና እርማቱ ዛሬ ተቀባይነት ቢያገኝ፣ ቀጣዩ ታግ እስኪወጣ ይጠብቃል። ከዚያ የስልክ አምራቾች ያንን ታግ ወደ ሥርዓታቸው ያስገባሉ። ከዚያ ቶጎጫሌ ያለው ስልክ ይታደሳል። እርማቱ «ገብቷል» የሚባለው በየትኛው ደረጃ ላይ እንደሆነ ሳይለይ የሚደረግ ክርክር መቋጫ የለውም፤ የታጉን ቁጥር የጠራ ሰው ክርክሩን ይዘጋዋል።

ትልልቅ ሥርዓቶች ከአንድ በላይ ማኅደር ሲኖራቸው ታግ የማስተሳሰር ሥራም ይሠራል። የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ የተገነባበት ሞሲፕ የተባለው ክፍት ኮድ በብዙ ማኅደሮች የተከፋፈለ ነው። ምዝገባው፣ ማረጋገጫውና ሌላው ክፍል ለየብቻ ይለማሉ። አብረው መሥራታቸው የተፈተነው የትኞቹ እንደሆኑ የሚታወቀው እያንዳንዱ ማኅደር ላይ በተደረገው የሥሪት ታግ ነው።

በስልክ መተግበሪያዎች ላይም ነገሩ ያው ነው። በአንድሮይድ ስልክ ቅንብር ውስጥ የመተግበሪያው መረጃ ሲከፈት ግርጌው ላይ የሥሪት ስም ይታያል። መተግበሪያ ከስልክ ወደ ስልክ በሚተላለፍበት ገበያ፣ ነጋዴው የያዘው አሮጌው ይሁን አዲሱ የሚለየው በዚያች መስመር ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ። ታግ ይንቀሳቀሳል። ጊት ውስጥ ትላንት አንዱን ኮሚት ያሳይ የነበረ ስም ዛሬ ሌላውን እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል። ለውጡም በኮዱ ታሪክ ውስጥ አይመዘገብም። መርኩሪያል በዚህ ረገድ የተሻለ መንገድ መርጧል፤ ታጎቹ የሚጻፉት በማኅደሩ ውስጥ ባለ ፋይል ላይ ስለሆነ፣ ታግ ሲዛወር ማን መቼ እንዳዛወረው ይመዘገባል። በጊት ግን ሁለት ሰዎች አንድ ስም ይዘው የተለያየ ነገር ሊጠሩ ይችላሉ። ቀድሞ የወሰደው አሮጌው በእጁ ይቀራል፤ ኋላ የመጣው አዲሱን ያገኛል። ሁለቱም «1.2 ነው ያለኝ» ይላሉ። በዚህ መሃል የሚጠፋ የሥራ ቀን ይቆጠር ቢባል ብዙ ነው። የጊት የራሱ መመሪያ የሚመክረው፣ ታጉ አንድ ጊዜ ለሌላ ሰው ከደረሰ በኋላ ስሕተት ቢገኝበት እንኳ አዲስ ስም አውጥቶ መቀጠልን ነው። መዝገብ ቤት ወጪ ያደረገውን ደብዳቤ ቁጥር ለሌላ ደብዳቤ አይሰጥም፤ ደብዳቤው ስሕተት ካለበት በአዲስ ቁጥር ማስተካከያ ይጻፋል። ሕጉ አንድ ነው።

የታግ መንቀሳቀስ ለክፉ ሥራ የዋለበት አጋጣሚ ሩቅ አይደለም። መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2025፣ በጊትኸብ ላይ ከ23 ሺህ በላይ ማኅደሮች ይጠቀሙበት የነበረ አንድ የግንባታ መሣሪያ ተጠለፈ። አጥቂዎቹ የመሣሪያውን ነባር ታጎች አንሥተው ሁሉንም ወደ አንድ ተንኮል ያዘለ ኮሚት አዞሩ። የተጠቃሚዎቹ ሰነድ ላይ የተጻፈው የታግ ስም አልተለወጠም፤ ከስሙ በስተጀርባ ያለው ኮድ ግን ሌላ ሆነ። ያ ኮድ የይለፍ ቃሎችንና ሚስጥራዊ ቁልፎችን በግንባታ መዝገብ ላይ ያትም ነበር። በታግ ስም ፋንታ የነባሩን ኮሚት ሙሉ 40 ሆሄያት አሻራ ጽፈው የነበሩ ሰዎች ግን አልተነኩም፤ አሻራ አይዛወርምና። ጊትኸብ በዚያው ዓመት አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ ታጉም ፋይሎቹም የማይለወጡበትን አሠራር አስተዋወቀ።

ከዚህ የሚወጣው የአሠራር ደንብ ጥብቅ ነው። ሰው ለሰው ሲናገር ታጉን ይጥራ፤ ማሽን ማሽንን ሲያዝ አሻራው ይጻፍ። ሥሪት የሚያወጣ ቡድን ታጉን ይፈርምበት፤ ማኅደሩም ላይ ታግ እንዳይነሣ ጥበቃ ያድርግ። ፍላሽ ላይ ተገልብጦ ወደ ወረዳ የሚላክ ተከላ ደግሞ ፎልደሩ «አዲሱ» ወይም «የመጨረሻው» ተብሎ መሰየም የለበትም። ዛሬ አዲስ የነበረው በስድስት ወር ውስጥ አሮጌ ይሆናል፤ ስሙ ግን «አዲሱ» እንደተባለ ይቀራል። በፎልደሩ ስም ላይ ሊጻፍ የሚገባው የታጉ ቁጥር ነው።

ጅጅጋ፣ ቀብሪበያህ ወይም አይሻ ላይ ሶፍትዌር የሚጭን ባለሙያ ኮምፒውተሩን ለባለቤቱ ከማስረከቡ በፊት የሥሪቱን ቁጥር፣ ሰባቱን የአሻራ ሆሄያትና የግንባታውን ቀን በጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ላይ ያስፍር፤ ከጎኑም የተጫነበትን ቀን በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ለይቶ ይጻፍ። በዲኤችአይኤስ2 የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በአንድ ገጽ ላይ ይገኛሉ፤ ገልብጦ ለመጻፍ ሁለት ደቂቃ ይበቃል።